የቮልስ ታምቡር ሲለወጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የማይታይበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። በንጉሡ ዘመን ተገዝታ፣ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፋ፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ባለቤቷን ሥራ የምታደርስ ቮልስ ብርቅ አይደለችም። ባለ ቮልሶች ስለ ሞተሯ አውርተው አይጠግቡም፤ በአየር እየቀዘቀዘ ውሃ አለመጠየቁን፣ መለዋወጫው ቀላል መሆኑን፣ ዳገት ላይ አለመድከሙን ያነሳሉ። እኔ ማንሳት የምፈልገው ቸርኬ እስኪፈታ ድረስ ብዙ ሰው አይቶት የማያውቀውን የፍሬን ታምቡር ነው። በተለይ ደግሞ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ የሚሠራውን ሥራ፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ በየጋራዡ እንደ ጎማ ቅያሪ ቀላል ተደርጎ ሲታይ አያለሁ፣ ቀላልም አይደለም።

ታምቡር ጊዛ ከሚባለው ብረት ተቀልጦ የሚሠራ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ጎድጓዳ ክብ ነው። የቮልስ የኋላ ታምቡር አዲስ ሲሆን የውስጥ ስፋቱ 230 ሚሊ ሜትር ነው። በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ያሉትን ሁለት ፒስተኖች ወደ ውጭ ያስወጣል፤ እነሱም ሸራዎቹን ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቃሉ። እግር ሲነሳ ሞላዎቹ ሸራዎቹን መልሰው ይሰበስባሉ።

የታምቡር ትልቁ ጥበብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ታምቡሩ ወደፊት ሲዞር ከሁለቱ ሸራዎች አንዱን እየጎተተ ራሱ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ያስጠጋዋል። ሾፌሩ በእግሩ ከሰጠው ኃይል በላይ የሚገኘው ከዚህ ነው። ወደ 800 ኪሎ የምትመዝነው ቮልስ እግርን የሚያግዝ ሰርቮ ሳይኖራት የምትቆመው በዚሁ ነው። ነገር ግን ይህ ጠባይ ጥሩውን ብቻ ለይቶ አያበዛም። ታምቡሩ ክብነቱ ትንሽ ከተዛባ፣ ወይም ሸራው ከግድግዳው ጋር በደንብ ካልገጠመ፣ ያቺን ትንሽ ጉድለትም አብሮ ያበዛታል። አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ይይዛል፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ መኪናዋ ትሽከረከራለች። ስለዚህ ታምቡር ለመለወጥ የተነሳ ሰው ዋና ሥራው ዕቃውን ማስገባት ሳይሆን ታምቡሩንና ሸራውን ማስማማት መሆኑን ከመጀመሪያው ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የዚህ ዓይነቱ ፍሬን መነሻ ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ሸራውን ከታምቡሩ ውስጥ ያስቀመጠበትን ፍሬን የሠራው በ1902 እ.ኤ.አ. ነበር። ያን ጊዜ የእግሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሱት የብረት ዘንጎችና ካቦዎች ነበሩ። በ1921 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዱዘንበርግ በአራቱም ጎማ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ይዞ ወጣ። ቮልስዋገን ለውጭ ገበያ የሚሠራቸውን ሞዴሎች በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ዘይት ፍሬን ሲያዞር፣ ርካሿን ስታንዳርድ ሞዴል ግን እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በካቦ አቆያት።

ታምቡር ጊዜው ያለፈበት ዕቃ የሚመስለው ሰው አለ። ጃጓር በ1953 እ.ኤ.አ. “ለ ማን” በተባለው የመኪና ውድድር ላይ በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ ወዲህ ዲስኩ የፊት እግሮችን ሁሉ ወርሷል፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4፣ የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር እያዞረ ስለሆነ የኋላ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፤ ብዙ የማይሠራ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል፤ ታምቡር ግን ተሸፍኖ ይቆያል። መብራት ላይ ጎን ለጎን የቆሙት የንጉሡ ዘመን ቮልስና ባለ ባትሪው የልጅ ልጇ በኋላ እግራቸው አንድ ዓይነት ሐሳብ ተሸክመዋል።

ለአሮጌዎቹ መጨነቃችን ሌላም ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያሉት ቮልሶች ምትክ የላቸውም። በደንብ ልንይዛቸው ይገባል፤ በደንብ መያዝም ከፍሬን ይጀምራል።

ታምቡር እንዴት ያረጃል? በፍሬን ቁጥር ሸራው ግድግዳውን በጥቂቱ ይበላዋል። ሸራው የሚነካው ቦታ እየጎደጎደ ሲሄድ ያልተነካው የአፉ ጠርዝ እንደ ከንፈር ቀርቶ ይወጣል። ሸራው አልቆ የያዘው ሪቬት ወይም ብረቱ ከታምቡሩ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ግድግዳው ላይ ጣት የሚይዝ ቦይ ይቆፈራል። ሙቀት ሲደጋገም ጊዛው ይጠነክርና ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቀጭን የመሰንጠቅ መስመርም ይታይበታል። ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ከሆነ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ፔዳሉ እግር ሥር ከፍ ዝቅ ይላል። ፔዳሉ እንዲህ እየመታ ከወራት በላይ የሚነዳ ሰው ሳይ አዝናለሁ፤ መኪናዋ በግልጽ እየነገረችው ነው።

ቶርኖ ቤት ወስዶ ውስጡን ማስፋቅ የተለመደ ነው፤ ወሰን እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከአዲሱ ስፋት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከተጨመረ በኋላ ታምቡሩ ሌላ መፋቅ አይችልም። ቀጭን ታምቡር ሙቀት አይዝም፣ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ሸራው ሩቅ ይሄዳል፣ ፔዳሉም ወደ ወለሉ ይጠጋል። በካሊብሮ ሁለት ሦስት ቦታ መለካት የደቂቃ ሥራ ነው። ሳይለካ “ገና ይሄዳል” የሚል መካኒክ ባይታመን ይሻላል።

አዲስ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የመኪናውን ዓመት ይወቅ። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ ያሉት አብዛኞቹ ቮልሶች ቸርኬያቸው በአምስት ቡሎን፣ 205 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ይታሰራል፤ ከ1968 ወዲህ ያሉት በአራት ቡሎን፣ በ130 ሚሊ ሜትር ላይ። የሸራው ስፋትም ከዘመን ዘመን ይለያያል። ስለዚህ አሮጌውን ታምቡርና ሸራ ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ሻጩ ዕቃውን ሲያወጣ በጣት አንጠልጥሎ በቁልፍ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛ ጊዛ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የሴሚያሱ፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ጥርስ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣት መዳሰስም ያስፈልጋል፤ ያገለገለ ታምቡር ከሆነ ጥርሱ ሹል ሆኖ ወይም ተበልቶ ከተገኘ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። አንድ ብቻ መግዛትም አይበጅም። ግራው አዲስ ቀኙ የተበላ ከሆነ የሁለቱ አያያዝ እኩል አይሆንም፤ ስለዚህ ሁለቱም ኋላዎች፣ ወይም ሁለቱም ፊቶች አብረው ይለወጣሉ።

ሥራው ከኋላ ሲጀመር የመጀመሪያው ፈተና መሐሉ ላይ ያለው ባለ 36 ዳዶ ነው። የቸርኬው ክዳን ሲነሳ በኮፒሊያ ተቆልፎ ይታያል። ኮፒሊያውን በፒንሳ ካወጡ በኋላ ዳዶው መላላት ያለበት ጎማው መሬት እንደያዘ፣ ማርሽ እንደገባ፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ እንደታገዱ ነው። መኪናን በክሪክ ሰቅሎ በረጅም ቱቦ ይህን ዳዶ መታገል መኪናዋን በራስ ላይ መጣል ነው። ዳዶው ከላላ፣ የቸርኬው ቡሎኖችም ከላሉ በኋላ ትሰቀላለች፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን ጠንካራ መደገፊያ ከሥሯ ገብቶላት። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ሸራውን የሚያስጠጉት የኮከብ ማስተካከያዎችም እስከ መጨረሻው ይመለሳሉ፤ ካልተመለሱ ሸራዎቹ ያንን ከንፈር ይይዙና ታምቡሩ አልወጣም ይላል።

ለዓመታት ያልተነካ ታምቡር በሴሚያሱ ጥርስ ላይ በዝገት ተጣብቆ ይገኛል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳቱ ልጅ ትዕግሥቱ አልቆ የታምቡሩን ጠርዝ በትልቅ መዶሻ ሲመታ፣ ሽማግሌው መካኒክ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው “ተው ልጄ! ጊዛ ነው፣ ይሰነጠቃል!” አሉት። “እሺ ጋሼ” ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ። ዝገት የሚያላላ ዘይት ጥርሱ ላይ ነሰነሱበት፣ ፑለሩን በቡሎን ቀዳዳዎቹ አሰሩት፣ መሐሉን አጠበቁና ሻይ ጠጡ። ተመልሰው ፑለሩን አንዴ ሩብ ዙር ሲጨምሩበት ታምቡሩ ጧ ብሎ ለቀቀ። በመዶሻ የሚወጣ ታምቡር ከውስጥ ያለውን ኩሽኔታም ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚሰማው ግን ቆይቶ፣ መንገድ ላይ ነው።

ታምቡሩ ሲወጣ የሚታየው ጥቁር አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋ። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ ሲተነፈስ ሳንባ ውስጥ ይቀርና ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል በሽታ ያመጣል። በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ነው። ይህን የምለው በየጋራዡ ልጆች ያለ ምንም ጭንብል ሲነፉት ስለማይ ነው።

ቀጥሎ እርጥበት ይፈለጋል። የሲሊንደሩ የጎማ ሽፋን ቀለል ብሎ ሲገለጥ ከሥሩ ዘይት ካለ ጎሚኒው አርጅቷል፤ ሲሊንደሩ ይለወጥ ወይም ይታደስ። እርጥበቱ ወፍራምና የሚሸት የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ደግሞ የመጣው ከሴሚያሱ በኩል ነው፤ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ አልቋል። ይህን ሳይጠግኑ አዲስ ታምቡር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣል።

አሁን የማስማማቱ ሥራ መጣ። በአሮጌ ታምቡር ውስጥ የኖረ ሸራ ቅስቱ የተበላውን ሰፊ ግድግዳ ተከትሎ ነው የተፈጨው። ያንኑ ሸራ ጠበብ ባለው አዲስ ታምቡር ውስጥ ቢያስገቡት መሐሉ ሳይነካ ሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ይነካሉ። ጫፍ የነካ ሸራ ድንገት ይነክሳል፣ ይጮሃል፣ መኪናዋንም ይጎትታል። ተቃራኒውም አለ፤ ብዙ በተፋቀ ታምቡር ውስጥ የገባ አዲስ ሸራ መሐሉ ብቻ ይነካና ፔዳሉ ስፖንጅ የተረገጠ ይመስላል። ስለዚህ ለአዲስ ታምቡር አዲስ ሸራ፣ ወይም በልክ አዲስ የተመታ ሸራ ያስፈልጋል።

መግጠሙን ለማየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አዲሱ ታምቡር ከዝገት እንዲጠበቅ የተቀባው ቅባት በቤንዚን ወይም በፍሬን ማጽጃ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይጠረጋል። ቅባቱ ከቀረ የመጀመሪያው ፍሬን ሸራውን ያበላሸዋል። ከዚያ ሸራው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ይቀባል፣ ታምቡሩ ይገባል፣ ኮከቡ ሸራው በትንሹ እስኪነካ ይጠበቃል፣ ታምቡሩ በእጅ አንድ ሁለቴ ይዞርና ይወጣል። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ ሸራው የነካበት ነው። መሐሉ በሰፊው ተጠርጎ ጫፎቹ ላይ ትንሽ ነጭ ቢቀር ደህና ነው፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ሲላመድ ይሞላል። ሁለቱ ጫፎች ተጠርገው መሐሉ ነጭ ከሆነ ግን ጫፎቹ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ በቀስ ይላጣሉ፣ እንደገና ጠመኔ ይቀባል፣ እንደገና ይታያል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፍሬኗ እኩል የምትይዝ ቮልስና ወደ ጎን የምትስብ ቮልስ የሚለዩት ግን እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ታምቡሩ ሊገባ ይችላል። የሴሚያሱ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ስስ ግሪስ ይቀባል፣ ግሪሱ ወደ ሸራው እንዳይሄድ ግን ጠብታ አይበዛም። ዳዶው በእጅ ይገባል፣ ቸርኬው ይታሰራል፣ መኪናዋ መሬት ትወርዳለች፣ ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። ፋብሪካው ያዘዘው 294 ኒውተን ሜትር፣ በድሮው አነጋገር 30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ይህን የሚለካ ቶርክ ሬንች በብዙ ጋራዥ ስለማይገኝ በግምት ይጠበቃል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። ልኩ ግን በሒሳብ ይገኛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቡሶላው ላይ ከተሰካ ቱቦ፣ ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር ርቆ፣ ቱቦው አግድም እንደሆነ ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት 30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ይጨመራል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን፤ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። የላላ ዳዶ ታምቡሩን በጥርሱ ላይ ያወዛውዘዋል፣ ጥርሱ ተበልቶ ያልቃል፣ ከዚያ ሞተሩ ሴሚያሱን ብቻ ያዞራል፤ ጎማው ግን አይዞርም።

የፊቱ ሌላ ነው። የፊት ታምቡር ኩሽኔታዎቹን በውስጡ ስለሚይዝ አዲሱ ሲገዛ የኩሽኔታው የውጭ ቀለበቶች መኖራቸው ይታይ፤ ከሌሉም አዲስ ቀለበት ተመትቶ ይገባል እንጂ የአሮጌው ቀለበት አይዛወርም። የግራው ጥርስ ግልብጥ ነው፤ ዳዶው የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ለማላላት ሲታገል ያጠብቀዋል። የኪሎ ሜትሩ ካቦም በዚሁ በግራ የፊት ጎማ መሐል አልፎ ጫፉ በታምቡሩ የግሪስ ክዳን ላይ ባለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይገባል፤ በትንሽ መያዣ ይቆለፋል። ያ መያዣ መጀመሪያ ካልወጣ ክዳኑ ካቦውን ይበጥሳል። ኩሽኔታው ሲጠብቅ ልኩ ስስ ነው፤ የሚፈቀደው ጨዋታ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። በዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ በጥቂት ኃይል መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ጠብቋል፣ ይግላል፤ ጎማው ተይዞ ሲነቀነቅ ከተወዛወዘ ደግሞ ላልቷል።

ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኮከብ አለ። አንዱ በካቻቢቴ ጎማው እስኪይዝ ይዞራል፣ ፍሬኑ ተረግጦ ሸራው መሐሉን እንዲያገኝ ይደረጋል፣ ከዚያ ጎማው ነፃ እስኪሆን ሦስት አራት ጥርስ ይመለሳል። ሁለተኛውም እንዲሁ። የእጅ ፍሬኑ ካቦ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው እንጂ አስቀድሞ አይደለም። የዘይት ቱቦ ተከፍቶ ከነበረ አየሩ የሚወጣው ከሩቁ ጎማ ጀምሮ ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ለወራት ተከፍቶ የቆየ ዕቃ ውስጥ ያለው አይጨመር፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው በውሃ ይታጠብ፣ ይልጣል።

ከዚያ ማላመድ ይቀራል። ሰው ባልበዛበት መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 20 በመጠኑ እየቀነሱ፣ በመሐል እየነዱና እያቀዘቀዙ፣ ደጋግሞ ፍሬን መያዝ ነው። በድንገት ረግጦ ማስቆም ወይም ፍሬኑ ግሎ ሳለ ረግጦ መቆየት አዲሱን ታምቡር ሊያጣምመው ይችላል። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ባለ 36ቱ ዳዶ ኮፒሊያው ወጥቶ በድጋሚ ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጨምራል።

ለጣርማ በር ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ለሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ የተለማመደ ፍሬን እንኳ ብቻውን አይበቃም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ታምቡሩ ላይ ይቀራል። ታምቡሩ እየሰፋ፣ ሸራው እየላላ ፔዳሉ ይወርዳል። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ የድሮ ሾፌሮች ሕግ ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። ታች ሲደርሱ ወርዶ እጅን ወደ አራቱም ቸርኬ ማስጠጋት ይጠቅማል፣ ሳይነኩ፣ ሙቀቱ በሩቁ ይሰማልና። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከጓደኛው በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ሸራው አልተላቀቀም፤ በዚያ ጎማ ኮከቡን አንድ ጥርስ መልሶ፣ ትንሽ ነድቶ፣ እንደገና ማየት ነው።